«ማንዤ» ስንት ቀለም ነው? ረጃጅም የፈረንሳይኛ ግሶችን ከፋፍሎ ስለማንበብ

የሚሚ_እናት (ሊዮን)

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ማንበብ እንጂ መጻፍ ብዙም አልለመድኩም፤ ዛሬ ግን የከረመብኝን ጥያቄ ላውጣው።

ልጄ ሚሚ 6 ዓመቷ ነው፣ ዘንድሮ ሴ-ፔ ገብታለች፤ እዚህ አገር አንደኛ ክፍል ማለት ነው። ማታ ማታ ከቤተ መጻሕፍት የምንዋሰውን የተረት መጽሐፍ አነብላታለሁ። ትናንት «ጥንቸሎቹ ካሮት ይበሉ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ላይ ደረስኩ። «ይበሉ ነበር» የምትለዋ ግስ ብቻዋን 10 ፊደል አላት፦ ኤም፣ ኤ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኢ፣ ኤ፣ አይ፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ። (የላቲኑን ፊደል እንደለመድነው በእንግሊዝኛ ስሙ ነው የምጠራው።) አንድም እንዳይቀርብኝ ተጠንቅቄ «ማን-ጌ-አ-የንት» ብዬ አነበብኩት። ሚሚ እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣችና ሁለት ጊዜ አጨበጨበች። «ማን፣ ዤ። እማ፣ ሁለት ብቻ ነው» አለችኝ። ትምህርት ቤት ቃል የሚያስጠኗቸው በየቀለሙ (ቀለም ማለቴ በአንድ አናባቢ ባንድ ጊዜ የሚወጣው የቃል ክፋይ ነው) እያስጨበጨቡ ነው።

ያ ሁሉ ፊደል የት ገባ? ደንብ አለው ወይስ አንድ በአንድ መሸምደድ ነው? ከያዝኩት ደብተር ላይ በጣም ያስቸገሩኝ እነዚህ ናቸው፦ «አፕሌ» (መጥራት) ወደፊት ሲሆን፣ «እንጠራለን» ለማለት 11 ፊደል ይጻፋል። «ኤሜ» (መውደድ) ላይ ወደፊት «እንወዳለን» እና «ብንወድ ደስ ይለናል» የሚሉት በአንዲት አይ ብቻ ይለያያሉ፣ ሲነገሩ ግን ርዝመታቸው አንድ አይደለም። ከሁሉም የባሰችብኝ «ልብ ባሉት ነበር» የምትለዋ ናት፤ አራት ቃል ሆና ተጽፋ ሰዎቹ ባንድ ትንፋሽ ይጨርሷታል።

ሞንሪያል_ሰባተኛ_ክረምት

እህቴ፣ ሚሚ ልክ ናት፣ ሁለት ቀለም ነው። ፊደሎቹን ከኋላ ጀምረን እንያቸው።

ግስ መጨረሻ ላይ የምትመጣው ኢ-ኤን-ቲ «እነሱ» የሚለውን ለዓይን ብቻ ነው የምትናገረው። «ይናገራል» እና «ይናገራሉ» ሁለቱም «ፓርል» ናቸው፣ አንድ ቀለም። ይህ ግን ለግስ ብቻ ነው። ስም ላይ ስትመጣ ትነበባለች፤ «ሞማን» (ቅጽበት) በዚሁ በኢ-ኤን-ቲ ነው የሚያልቀው።

ከፊቷ ያሉት ኤ እና አይ ተጣምረው «ኤ» ይሆናሉ። ስለዚህ «እበላ ነበር፣ ትበላ ነበር፣ ይበላ ነበር፣ ይበሉ ነበር» አራቱም «ማንዤ» ናቸው። አጻጻፉ ሦስት ዓይነት ነው፣ ድምፁ አንድ።

የቀረችው ከጂ ቀጥላ ያለችው ኢ ናት። እሷ ጂን «ዥ» እንድትል ጠባቂዋ ናት። ባትኖር ጂ ከኤ ጋር ገጥማ «ጋ» ትል ነበር። «እንበላለን» («ማንዦን») ውስጥም የገባችው ለዚሁ ነው። እኛ ዥ በቋንቋችን ስላለችን እዚህ ላይ ዕድለኞች ነን፤ ክፍሌ ውስጥ የነበሩ ሌሎች ተማሪዎች ለዚህች ድምፅ ብዙ ለፍተዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ማን» ብዬ የምጽፈው ሌላ መንገድ ስለሌለ ነው። እኛ «ማን ነው?» ስንል ምላሳችን የላይኛውን ጥርስ ጀርባ ይነካል። የነሱ ግን አይነካም፤ አናባቢው ራሱ በአፍንጫ ይወጣል፣ ኤን የሚባል ነገር አፍ ውስጥ አይፈጠርም።

ጀማሪ_ከጅቡቲ

እኔ ደንብ ከመቁጠር ጆሮን ማስለመድ ይሻላል ባይ ነኝ። የተማርኩት ዘፈን እየሰማሁ ነው። ግን ወንድሜ ሞንሪያል ያልከው ነገር ግራ አጋባኝ። «ፓርል» አንድ ቀለም ከሆነ ዘፈን ላይ ለምን «ፓር-ለ» እያሉ ሁለት ያደርጉታል? ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፣ ጆሮዬ አልተሳሳተም።

ባለሳድስ (አዲስ አበባ)

ጆሮህ አልተሳሳተም፣ እመለስበታለሁ።

የሚሚ እናት፣ የምታስቸግርሽ አንዲት ፊደል ናት፤ ምልክት የሌላት ኢ። ፈረንሳዮቹ «ኧ ሙዌ»፣ ዲዳዋ ኧ ይሏታል። ጠባይዋን ግን ፊደል ከቆጠርንበት ጊዜ ጀምሮ እናውቀዋለን፤ የኛ ሳድስ ነው።

«ትምህርት» የሚለውን ቃል እዪው። ት፣ ም፣ ህ፣ ር፣ ት። አምስት ፊደል፣ አምስቱም ሳድስ። ስትናገሪው ግን ትም-ህርት፣ ሁለት ቀለም ነው። ከመጀመሪያው ት እና ከህ ቀጥሎ አጭር አናባቢ ይሰማል፣ ከሌሎቹ ቀጥሎ የለም። የት ላይ እንደሚሰማ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ አፋችን ያውቀዋል። «እንግሊዝ» ስንል ደግሞ ን፣ ግ፣ ል ሦስቱ ተነባቢዎች ተደርድረው አይነገሩልንም፤ ስለዚህ ግ ላይ ጥቂት አናባቢ እናሳርፍና እን-ግ-ሊዝ እንላለን።

የፈረንሳይኛዋ ኧም እንዲሁ ናት። ሞሪስ ግራሞን የሚባለው የፈረንሳይ የቋንቋ ሊቅ «የሦስት ተነባቢዎች ሕግ» ያለው ይህንን ነው፦ ኧ ስትወድቅ ሦስት ተነባቢ ተጠጋግቶ የሚቀር ከሆነ አትወድቅም፤ ሁለት ብቻ የሚቀር ከሆነ ትወድቃለች። በደብተርሽ ላይ እንሞክረው።

«እንወዳለን» ሲጻፍ ኤ-መ-ሮን ነው። ከኧ በፊት ም፣ ከኋላዋ ር። ሁለት ብቻ፣ ስለዚህ ትወድቃለች፦ ኤም-ሮን። ሁለት ጭብጨባ።

«እንናገራለን» ሲጻፍ ፓር-ለ-ሮን ነው። ከኧ በፊት ር እና ል አሉ፣ ከኋላዋ ሌላ ር። ብትወድቅ ርልር ይሆናል። ስለዚህ ትቆያለች፦ ፓር-ለ-ሮን፣ ሦስት።

«እንጠራለን» ባለ 11 ፊደሏ ናት። ሁለቱ ፒ እንደ አንድ፣ ሁለቱ ኤል እንደ አንድ ይነበባሉ። ከኧ በፊት ል፣ ከኋላ ር። ትወድቃለች፦ አ-ፔል-ሮን፣ ሦስት።

አሁን ያቺ በአንዲት አይ የምትለየው። «ብንወድ ደስ ይለናል» ስትባል ከኧ በኋላ የሚመጣው ር ብቻ አይደለም፣ «ርዮን» ነው። ር እና ዮ ተከታትለው ሲመጡ ኧ በፍጹም አትወድቅም፦ ኤ-መ-ርዮን፣ ሦስት። ስለዚህ ፈረንሳዊ ፈጥኖ ሲናገር «ኤም-ሮን» እና «ኤ-መ-ርዮን» በዮዋ ብቻ ሳይሆን በቀለም ቁጥርም ይለያያሉ። «ሰ-ርዮን» (ብንሆን)፣ «ፈ-ርዬ» (ብታደርጉ)፣ «ዶ-ነ-ርዮን» (ብንሰጥ) ሁሉም እንዲሁ ናቸው። የውጭ አገር ተማሪዎች እዚህ ላይ ኧን ለመጣል ይቸኩላሉ፣ ከዚያ ምላሳቸው ይተሳሰራል። አትቸኩዪ፣ እዚህ ቦታ ኧ የምታግዝሽ ናት።

ኧ ስትሰማ ድምፅዋ ወደ ግዕዙ ለ፣ ደ፣ መ ይጠጋል፤ ከንፈርን ትንሽ ሾል ማድረግ ነው። ሕግ ቢባልም ደግሞ ዝንባሌ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ፣ በማርሴይ ወይም በቱሉዝ፣ ሰዉ አብዛኛውን ኧ ስለሚያወጣ ቁጥሩ ከፍ ይላል።

የሚሚ_እናት (ሊዮን)

ባለሳድስ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄንን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለካ እኔ የምከፋፍለው እንደ መዝገበ ቃላት ነበር፣ አፕ-ፔል-ለ-ሮንስ እያልኩ። ሚሚ ደብተር ላይም ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ፤ «የሚጻፍ ቀለም» እና «የሚነገር ቀለም» ይሉታል። ጠረጴዛ ማለት «ታብል» ሲጻፍ ሁለት፣ ሲነገር አንድ ብላ ሞልታለች። እስከ ዛሬ ስህተት መስሎኝ ላርምላት ነበር።

ሞንሪያል_ሰባተኛ_ክረምት

እንኳን አላረምሽው! የሚጻፈው መስመር ሲያልቅብሽ ቃሉን የት ላይ እንደምትቆርጪው ነው የሚነግርሽ። እዚያ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ተነባቢ መሃል ይቆረጣል፤ ሁለት አናባቢ ግን ጎን ለጎን ከሆነ አይቆረጥም። «ተፈጥረዋል» ስንል ለሴቶች የሚጻፈው ሦስት ኢ ተከታትለው ያሉበት ቃል፣ ሲነገር «ክሬ-ኤ» ሁለት ነው፣ በሰረዝ ግን አትነኪውም።

ባለ አራት ቃሏን ደግሞ እኔ ልሞክር። «ልብ ባሉት ነበር»፦ ኢል ሰ ሰሬ አፔርሱ። ሁለት ኧ ተከታትለው አሉ። የመጀመሪያዋ ብትወድቅ ከ«ኢል» ል ጋር ሁለት ስ ይደረደራሉ፣ ስለዚህ ትቆያለች። ሁለተኛዋ ትወድቃለች። ከዚያ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ስለሚጀምር ተኝታ የነበረችው ቲ ትነሣና ከሱ ጋር ትቀጠላለች፦ ኢል-ሰ-ስሬ-ታ-ፔር-ሱ። ስድስት። በዘወትር ወሬ ቲዋን የማይቀጥል ብዙ ሰው አለ፣ ያኔም ስድስቱ ስድስት ነው፣ «ታ» በ«አ» ይተካል እንጂ። የመጨረሻው «ሱ» የኛ ሱ አይደለም፤ «ሲ» እያልሽ ከንፈርሽን እንደ ሱ አሹዪው።

ቀለም በቃላት ድንበር ላይ እንደማይቆም ልብ በዪ። «ይወዳል» ኢ-ሌም ነው፣ «ይወዳሉ» ኢል-ዜም። ከአናባቢ ፊት የቆመ ተነባቢ ወደሚቀጥለው ቃል ይዘላል።

ጀማሪ_ከጅቡቲ

ታዲያ «አላቸው» እና «ናቸው»? እኔ ሁሌ የምሳሳተው እዚያ ነው።

ሞንሪያል_ሰባተኛ_ክረምት

«ኢል-ዞን» አላቸው፣ «ኢል-ሶን» ናቸው። ልዩነቱ ዝ እና ስ ብቻ ነው። ጥያቄ ስታደርገው ደግሞ የኢ-ኤን-ቲዋ ቲ ትነሣለች፦ «ይናገራሉ ወይ?» ፓርል-ቲል። «ይናገራል ወይ?»ም ፓርል-ቲል ነው፤ እዚያ ቲ ስለሌለች በሰረዝ መሃል ያስገቧታል። ለጆሮ ልዩነት የለውም።

ጋሽ_ከዚራ (ድሬዳዋ)

ልጆቼ፣ ጥሩ እየተነጋገራችሁ ነው። እኔም ጥቂት ልጨምር። ፈረንሳይኛን የተማርኩት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ እኛ ጋ ሲደርስ ቋንቋውም አብሮ ወረደ፤ አዲስ አበባ በ1917 ሲደርስ ደግሞ «ለገሃር» የሚለውን ስም ጥሎ ሄደ። «ላ ጋር»፣ ጣቢያው ማለት ነው፣ ሁለት ቀለም የነበረውን እኛ ሦስት አደረግነው። አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ እኔ ከሱ አፍ የሰማሁት «ሽመንድ-ፌር» (ምድር ባቡር ማለት ነው) የሚል ሁለት ቀለም ነበር። በኋላ መጽሐፍ ላይ ሳየው ሦስት ቃል ሆኖ ሁለት ኧ ያለበት አገኘሁትና አባቴ የተሳሳተ መሰለኝ። አባቴ ግን ልክ ነበር። ባለሳድስ የጻፈው ሕግ ነው፦ ሸ-መን-ደ-ፌር ውስጥ ሁለቱም ኧ ይወድቃሉ።

የመጀመሪያው ነገሬ ኤል ለምን እንደሚደረብ ነው። «መጥራት» አ-ፕሌ ነው፣ አንድ ኤል። «እጠራለሁ» ግን ዣ-ፔል ነው፣ ሁለት ኤል። መጨረሻዋ ኧ ስትወድቅ ከሷ በፊት ያለው ቀለም በተነባቢ ይዘጋል፤ በተዘጋ ቀለም ውስጥ ደግሞ ዲዳዋ ኧ መኖር አትችልም፣ አፍ ሰፋ ተደርጎ ወደሚባለው ኤ ትለወጣለች። ይህንን ለዓይን ለማሳየት አንዳንዱ ግስ ላይ ተነባቢውን ይደርባሉ፣ ሌላው ላይ ወደ ግራ ያዘነበለ ምልክት ያስቀምጣሉ። «መግዛት» አሽ-ቴ፣ «እገዛለሁ» ዣ-ሼት። «ማንሣት» ለ-ቬ፣ «አነሣለሁ» ዥ ሌቭ። ምክንያቱ አንድ፣ አጻጻፉ ሁለት።

«ሴዴ» (መልቀቅ፣ ቦታ መስጠት) የሚባለው ግስ ላይ ይህ ደንብ ለረጅም ዘመን ከጽሑፉ ጋር ሳይስማማ ቆየ። ወደፊት ሲሆን «ሴድ-ሬ» እያሉ በሰፊው ኤ ይናገሩታል፣ የሚጽፉት ግን በጠባቡ ኤ ምልክት ነበር። በዲሴምበር 1990 በመንግሥት ጋዜጣቸው በወጣው የአጻጻፍ ማሻሻያ ነው በሰፊው ኤ ምልክት መጻፍ የተፈቀደው። እኔ የተማርኩት በድሮው ነው፣ እጄም እሱን ለምዷል፤ ጆሮን የሚያከብረው ግን አዲሱ ነው።

ሁለተኛው ነገሬ ጥብቀት ነው። እኛ «ገና» ብለን አልደረሰም ማለታችን እንደሆነ ወይም የልደት በዓል ማለታችን እንደሆነ የምናውቀው ነ ላልታ ወይም ጠብቃ ስትነገር ነው። «ዋና»ም እንዲሁ፤ ውኃ ውስጥ ወይስ አለቃ? ፈረንሳይኛ ላይ ሁለት ተነባቢ ተደርቦ ቢጻፍም አብዛኛውን ጊዜ አይጠብቅም። «ኩሪር» (መሮጥ)፣ «ሙሪር» (መሞት) እና «አኬሪር» (ማግኘት) ግን ሁለት አር ሲጻፍባቸው ይጠብቃሉ። «እሮጥ ነበር» ስትዪ «ዥ ኩሬ» ር ላልታ ነው፣ የኛን የውኃ ኩሬ እንደምትዪው። «ብችል እሮጥ ነበር» ስትዪ ግን ር ትጠብቃለች። በጥብቀት ብቻ ጊዜና ሁኔታ ይለወጣል። ይህንን ለመስማት አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የተዘጋጀ ነው፣ ብዙ የሌላ አገር ተማሪ ግን ልዩነቱ አይሰማውም። «አያለሁ» እና «እችላለሁ» ለወደፊት ሲሆኑ («ቬሬ»፣ «ፑሬ») ሁለት አር ቢጻፍባቸውም አይጠብቁም፤ እዚያ ላይ አታጥብቂ።

ያው ጥብቀት ዮ ላይም ይሠራል። «እናያለን» ቭዋ-ዮን፣ «እናይ ነበር» ቭዋይ-ዮን። ዮ ጠብቃ። «እናጠና ነበር» ሲባል ሁለት አይ ተከታትለው የሚጻፉት ለዚህ ነው እንጂ የማተሚያ ስህተት አይደለም። ደግሞ «ኤ-ቱ-ድዬ» (ማጥናት) ላይ አይዋ ከዬ ጋር ትዋሃዳለች፤ «ክሪ-ዬ» (መጮህ) ላይ ግን ከፊቷ ክር ተጣብቆ ስላለ ራሷን ችላ ቀለም ትሆናለች። «ቩ-ድሪ-ዮን» (ብንፈልግ) ሦስት የሆነውም ስለዚህ ነው።

አንተ የጅቡቲው ልጅ ለጠየቅከው፦ ግጥምና ዘፈን የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው። ትልቁ የፈረንሳይ ስንኝ 12 ቀለም ነው፣ መሃሉ ላይ እረፍት አለው፣ 6 እና 6። እኛ ወል ቤት የምንለው ማለት ነው፤ የነሱን ግጥም መጀመሪያ ሳነብ እንግድነት ያልተሰማኝ በዚህ ነው። በዚያ አቆጣጠር ኧ ከተነባቢ በፊት ከመጣች ትቆጠራለች፣ ከአናባቢ በፊት ትዋጣለች፣ ስንኝ መጨረሻ ላይ አትቆጠርም። ስለዚህ በወሬ «ኤም-ሮን» የሆነው በግጥም ኤ-መ-ሮን፣ ሦስት ነው። «ፓርል»ም (ይናገራሉ) ቀጣዩ ቃል በተነባቢ ከጀመረ ፓር-ለ፣ ሁለት። «ማንዤ» (ይበሉ ነበር) ግን በግጥምም ሁለት ብቻ ነው፤ እዚያ ያለችው ኢ-ኤን-ቲ በጭራሽ ቀለም አትሆንም።

ጀማሪ_ከጅቡቲ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ዘፈኑን እንደገና ከፍቼ ሰማሁት፣ ከ«ፓር-ለ» ቀጥሎ ያለው ቃል በእርግጥ በተነባቢ ነው የሚጀምረው።

ሞንሪያል_ሰባተኛ_ክረምት

ስለ ጠባቡና ሰፊው ኤ ከተነሣ፦ «እናገራለሁ» እና «ብችል እናገራለሁ» የሚሉት ሁለቱ «ፓርለሬ» በኤስ ብቻ ነው የሚለያዩት። እዚህ ኬቤክ ሰዉ የመጀመሪያውን በጠባብ፣ ሁለተኛውን በሰፊ ኤ ለይቶ ይናገራል። ፓሪስ ብዙ ሰው ይቀላቅላቸዋል። ስትጽፉ ከተጠራጠራችሁ «እኔ»ን በ«እኛ» ተኩት፤ «ፓር-ለ-ሮን» ካላችሁ ኤስ የለም፣ «ፓር-ለ-ርዮን» ካላችሁ ኤስ አለ።

የሚሚ_እናት (ሊዮን)

ከአራት ቀን በኋላ ተመለስኩ። ጋሼ፣ የላኩልንን ሁሉ ደብተሬ ላይ በፊደላችን ገልብጬዋለሁ። እርስዎ ላልቶና ጠብቆ ያሉትን ቃል ለሚሚም ነገርኳት፤ አማርኛዋንም አብራ እየሰማች ነው።

ትናንት ማታ ተራዋ የሷ ነበር፣ እሷ ታነባለች እኔ እሰማለሁ። «ልጆቹ ኬክ ይሠሩ ነበር» የሚል መጣ። ኤፍ፣ ኤ፣ አይ... እያለች በጣቷ ተከትላ «ፌ-ዜ» አለች፤ ኤ እና አይ ሲጣመሩ ኤ ነው ተብላ ተምራለች። እኔ ሥራ ቦታ በየቀኑ ስለምሰማው «ፈ-ዜ» ነው አልኳት። «ማድረግ» የሚለው ግስ ላይ እንዲህ ባለ ቦታ ኤ-አይ እንደ ኧ ትነበባለች፣ «እናደርጋለን»ም ፈ-ዞን ነው። እኔን አየችኝ፣ መጽሐፉን አየችው፣ ከዚያ ሁለት ጊዜ አጨበጨበች።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። «ፔዬ» (መክፈል)፦ «ይከፍላል» የሚለው ወደፊት በመጽሐፌ በአይ ተጽፏል፣ የቤት ኪራይ ውሌ ላይ ግን በዋይ። የቱ ነው ልክ?

ጋሽ_ከዚራ (ድሬዳዋ)

ልጄ፣ ሁለቱም ልክ ነው፣ ድምፃቸው ግን ይለያያል። በአይ ሲጻፍ ፔ-ራ፣ በዋይ ሲጻፍ ፔይ-ራ። ሁለቱም ሁለት ጭብጨባ ናቸው። «ኔትዋዬ» (ማጽዳት) ላይ ግን ምርጫ የለሽም፤ ዋይዋ የግድ ወደ አይ ትለወጣለች፦ ኔ-ትዋ-ራ፣ ሦስት።